ድምሩ ልክ ነበር
በምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

 

አዘጋጆቹ «ከሥራ ዓለም ያገኘኸውን አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ ስለ ስኬት እንድናገር ጠብቀው ይሆናል። እኔ ግን ስለ አንድ ስሕተቴና ስላስተማረኝ ነገር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ተወልጄ ያደግሁት ዲጋ ነው፤ ከነቀምት ወደ ጊምቢ ስትሄዱ የምታገኙት ወረዳ። ከተመረቅሁ በኋላ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በመረጃ ባለሙያነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቀበሌዎች የሚልኩትን የገበሬዎች የማዳበሪያ ፍላጎት በኤክሴል አንድ ላይ ማድረግ ነበር። አንዱ በፍላሽ ይልካል፣ አንዱ በቴሌግራም፣ አንዱ በእጅ ጽሑፍ። እኔ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ፔስት አደርጋለሁ፤ እንደገና ኮፒ። ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም አራት ቀን ይፈጃል።

አንድ ማታ፣ መብራት ሊጠፋ ነው ብዬ እየተጣደፍኩ፣ ስሞቹን በፊደል ተራ ላስቀምጥ አልኩ። የስሙን ዓምድ ብቻ መርጬ «ሶርት» አልኩት። ኤክሴል ጠየቀኝ፤ አጠገቡ ያሉትን ዓምዶችም ልጨምር ወይስ በመረጥከው ብቻ ልቀጥል? ሳላነበው «ቀጥል» አልኩት። ስሞቹ ቦታ ቀየሩ፤ ኩንታሎቹ ባሉበት ቀሩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ ማፍሰሴንም አላወቅሁም።

አለቃዬ ድምሩን አየ። ልክ ነበር። እንዴት ልክ አይሆንም? ስም ቢዘዋወር ድምር አይለወጥም። ተፈረመ፣ ተላከ።

ማከፋፈሉ ሲጀመር መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት ሁለት ኩንታል አስመዝግበው ግማሽ ኩንታል ተባሉ። «እናቴ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለው ይኼ ነው» አልኳቸው። «ልጄ፣ መሬቴን የማውቀው እኔ ነኝ ወይስ ዝርዝርህ?» አሉኝ። ከኋላቸው የነበረው ሰውዬ ካስመዘገበው በላይ ደረሰው፤ እሱ ዝም አለ። ቢሮ ተመልሼ የቀበሌውን ወረቀት ከእኔ ፋይል ጋር ሳስተያይ ላብ አጠመቀኝ። ዝርዝሩን አስተካክለን እስክንጨርስ አንድ ሳምንት ሄደ፤ የበቆሎ መዝሪያ ጊዜ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ከሁሉ በላይ ያሳፈረኝ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ማሳየት አለመቻሌ ነው። ፋይሉ ውጤቱን ይዟል እንጂ እኔ ያደረግሁትን አይናገርም።

ፓወር ኩዌሪን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለኤክሴል 2010 እና 2013 ለብቻው የሚጫን ነበር፤ ከኤክሴል 2016 ጀምሮ ግን «ዳታ» በሚለው ትር ውስጥ አብሮ ይመጣል። የብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ አለ፤ አንከፍተውም እንጂ። ፕሮግራም መጻፍን አይጠይቅም። የቀበሌዎቹን ፋይሎች አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣችሁ ከዚያ እንዲያመጣ ታዙታላችሁ። ከዚያ የምታደርጉትን ሁሉ፣ ባዶ ረድፍ ማውጣትም ይሁን ስም ማስተካከል፣ በቀኝ በኩል ደረጃ በደረጃ ይመዘግባል። የመጀመሪያውን ፋይል አይነካም። እዚያ ውስጥ አንዱን ዓምድ ብቻ ለይቶ መደርደር አይቻልም፤ ረድፉ ሙሉውን አብሮ ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ አዲሶቹን ፋይሎች ጨምሮ «ሪፍሬሽ» ማለት ነው። ሦስቱ ቀን ወደ ግማሽ ቀን ወረደ።

የእኛ መረጃ የራሱ ጣጣ አለው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ሰው ናቸው። ይህችው ከተማችን ነቀምት፣ ነቀምቴ፣ ለቀምት ተብላ ትጻፋለች፤ በቡና ገበያ ዛሬም ለቀምት ናት። ዲጋም በቆየ መዝገብ ውስጥ ዲጋ ሌቃ ተብሎ ይገኛል። መፍትሔው አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ነው፦ በአንድ ዓምድ እንደተጻፈው፣ በሌላው ትክክለኛው። ከሠንጠረዡ ጋር ያልገጠመውን ስም መሣሪያው ለብቻው ዘርዝሮ እንዲያወጣ ታደርጋላችሁ፤ የቀረውን ሰው ያየዋል።

የቀን ነገርማ አይነሣ! ጥቅምት 30 ቀን 2015ን 30/2/2015 ብላችሁ ጻፉ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለተኛው ወር 30 ቀን ስለሌለው ኤክሴል እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ይኼስ ደግ ነው፣ ይታያል። ጳጉሜን 5ን 5/13/2015 ብትሉ ግን፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካኖች አጻጻፍ ከተስተካከለ፣ ሜይ 13 ያደርገዋል፤ ትንፍሽ ሳይል። ስለዚህ እኔ ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት ዓምድ ለያይቼ እይዛለሁ።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋቴን ልንገራችሁ። ሥራውን ለመሣሪያው ከሰጠሁ በኋላ፣ በስምና በአባት ስም የተደገመውን እንዲሰርዝ አዘዝኩት። በአንድ ቀበሌ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። አንደኛው በየጊዜው ተሰረዘ። በእጅ ስሠራ የምሳሳተው አንዳንዴ ነበር፤ መሣሪያው ግን ያዘዝኩትን ስሕተት ሳይሰለች ደገመው። ልዩነቱ፣ ሰውዬው ሲመጣ የተሰረዘበትን ደረጃ በደቂቃዎች ውስጥ አገኘሁት፤ አሁን የተደገመ የሚመስለውን ከመሰረዝ ይልቅ ለይቶ ያሳየኛል።

ይኼ በእኛ ብቻ የሚደርስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ሳይቆጠሩ ቀርተው ነበር። የላቦራቶሪ ውጤቱ በራሱ የሚገባበት የድሮ ዓይነት የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም፤ የተረፈው ውጭ ቀረ። እነዚያ ሰዎች ያገኟቸው ሌሎች ሰዎችም ማስጠንቀቂያ ሳይደርሳቸው ቀናት አለፉ።

ስለዚህ ዛሬ ድምር ልክ ነው ብዬ አልፈርምም። ስንት ረድፍ ገባ፣ ስንት ወጣ? የየቀበሌው ድምር ለየብቻው ይገጥማል? በመጨረሻም እንዲሁ በዘፈቀደ አሥር ሰው መርጬ ከወረቀቱ ጋር አስተያያለሁ። የዚያች እናት ስሕተት የሚገኘው በዚህ በሦስተኛው ብቻ ነው።

መምህሮቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። በትምህርት ቤት ያገኘነው መረጃ ታጥቦ የተሰጣ ነበር፤ ስሌቱን ተማርን፣ ማጠቡን ግን አልተማርንም። ለተማሪዎቻችሁ የቆሸሸ ፋይል ስጧቸው፤ ማርኩንም ለመጨረሻው ሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን ለተመዘገቡት ደረጃዎችም ስጡ። ጓደኞቼ፣ እናንተም ከቢሮ ስትዛወሩ ለተተኪያችሁ ውጤቱን ብቻ አትተዉለት፤ የሠራችሁበትን መንገድ ጭምር ተዉለት። የተጻፈ መንገድ ሰው ይመረምረዋል፣ ያርመዋል።

እኚያን እናት ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። «በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ፣ ከዚያ ዝርዝርህን» አሉኝ። እንደ ትእዛዝ ይዤዋለሁ።