ዩሪያው በምድጃ እንዳይቃጠል
የኮሶዬ አርሶ አደርና የአየር ንብረት ለውጥ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ ቶሎ የሚታሰቡት የበለጸጉት ሀገሮች ፋብሪካዎች፣ መኪናዎችና አውሮፕላኖች ናቸው። አስተሳሰቡ ስህተት የለበትም። ኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. ይፋ ባደረገችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንደተመለከተው፣ ሀገሪቱ በ2010 እ.ኤ.አ. የለቀቀችው ሙቀት አማቂ ጋዝ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ሲሆን፣ ይህም ከዓለም ድርሻ 0.3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከዚሁ መጠን ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚወጣው ከግብርናና ከደን ነው፤ ይኸውም ከከብቱ፣ ከማሳው፣ ከሚመነጠረው ዛፍና ከማገዶው ማለት ነው። ስለዚህ ዕዳው የአርሶ አደሩ ባይሆንም፣ የሚቀነሰው ነገር ግን በአርሶ አደሩ ግቢ ውስጥ ይገኛል። አርሶ አደሩም ለሌላው ዓለም ብሎ ብቻ እንዲደክም መጠየቅ አይገባም። ሥራው አስቀድሞ ለገዛ ቤቱ የሚበጅ ካልሆነ አይዘልቅም።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ኮሶዬ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። ብርዱ ብርቱ ነው፤ ገብሱና ባቄላው የሚበቅለው ለዘመናት ሲታረስ በኖረ ተዳፋት ላይ ነው። እንጨት እየራቀ በሄደ ቁጥር ምድጃው የሚበላው ኩበት ነው። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሒሳብ ማስላት ያስፈልጋል።

በቀን 8 ኪሎ ኩበት የሚያነድ ቤት በዓመት 29 ኩንታል ያህል ያነዳል። ደረቅ ኩበት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ናይትሮጅን አለው። መካከለኛውን 1.5 በመቶ ብንወስድ 29 ኩንታሉ ውስጥ 44 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይገኛል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ነው! እንግዲህ ይህ ቤት በየዓመቱ ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ጋር የሚቀራረብ ሀብት በጭስ ይሰደዋል፤ አመዱ ላይ የሚተርፈው ፖታሽና ጥቂት ሌላ ማዕድን ነው። እርግጥ ነው፣ ፍግ ማሳ ላይ ሲውል ናይትሮጅኑ ሁሉ ሰብሉ ጋ አይደርስም፤ ከፊሉ ወደ አየር ይተናል፣ ቀሪውም ቀስ እያለ በዓመታት ነው የሚለቀቀው። ነገር ግን ዩሪያ የማይሰጠውን ነገር ፍግ ይሰጣል፤ አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውሃ ያስይዛል። ዝናብ ሲዘገይ ወይም ቶሎ ሲወጣ ልዩነቱ ማሳ ላይ በዓይን ይታያል።

በ2015 ዓ.ም. የመኸር ወቅት በአማራ ክልል የማዳበሪያ እጥረት ባጋጠመ ጊዜ አርሶ አደሩ ምን ያህል እንደተቸገረ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ የዘነጋ አይኖርም። ዩሪያ ራሱ በፋብሪካ የሚሠራው ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ፈጅቶ ነው። ያለ መጠን ሲበተን ደግሞ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፤ ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ260 እጥፍ በላይ የማሞቅ ኃይል አለው። ዩሪያ ይቅር ለማለት ሳይሆን፣ ከፍግና ከባቄላ ፈረቃ ጋር ተደርጎ መጠኑ ይለካ ለማለት ነው።

ታዲያ ኩበቱን ለማሳ ለማትረፍ መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ምድጃው ነው። አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ለወጡ እውነት ነው፤ ለማገዶው ግን አይሠራም። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ የእንጀራ መጋገሪያው ድርሻ ከግማሽ በላይ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ እሳቱን በየጎኑ ያፈሳል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በክፍል በክፍል የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ እሳቱን ከምጣዱ ሥር አጥሮ ስለሚይዘው ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። እስከ ግማሽ የሚለው ግን በደንብ ከተያዘ ነው። ምጣዱ ከምድጃው አፍ ጋር ካልገጠመ፣ ወይም የተሰነጠቀው ክፍል በጭቃ ካልተደፈነ፣ ቁጠባው ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እናቶች «ምድጃው ቤት አያሞቅም» የሚሉት ቅሬታ ተገቢ ነው፤ በኮሶዬ ሌሊት እሳት የሌለው ቤት አይታደርበትም። ነገር ግን እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። መጋገሪያው ይታጠር፣ የምሽቱ እሳት በልኩ ይቀጥል። ሌላው እንቅፋት ብዙ ጊዜ የማይነገረው ነው፤ ጭሱን የምትስበው እናት ናት፣ ኩበት የምትለቅመው ልጅቷ ናት፣ የምድጃውን ገንዘብ የያዘው ግን አባወራው ነው። አባወራው ዩሪያው ከምድጃው ውስጥ እየነደደ መሆኑን ሲረዳ ኪሱ ይፈታ ይሆናል።

ገንዘብ የማይጠይቅም አለ። ባቄላና አተር ለንፍሮ ሲታሰብ በውሃ ነክሮ ማሳደር፣ ድስቱን መክደን፣ ማገዶውን ፈልጦ ማድረቅ። እርጥብ ባሕር ዛፍ የሚያነድ ሰው እሳቱ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃውን ማትነን ነው። ለማኅበርና ለዝክር ጠላ ሲጠመቅም አሻሮው የሚቆላበት ማገዶ ቀላል አይደለም፤ ጎረቤታሞች በአንድ እሳት ተራ በተራ ቢቆሉ ይጠቀማሉ።

የተረፈው እበት በደንብ ካልተያዘ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በውሃ ተጥለቅልቆ አየር አጥቶ የሚበሰብስ እበት ሚቴን ያወጣል። ስለዚህ በክረምት ኮምፖስቱ ከመሬት በላይ ይከመር፣ በበጋ በጉድጓድ ይሁን፤ ከገለባ፣ ከቅጠልና ከአፈር ጋር በድርብርብ ይሠራ፤ በየሦስት አራት ሳምንቱ ይገላበጥ። ደጋ ላይ ከቆላ ይልቅ ስለሚዘገይ መታገስ ያሻል። በ2001 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም የተስፋፋው ባዮጋዝ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቢያንስ 4 ከብትና ከእበቱ የሚመጣጠን ውሃ ይፈልጋል፣ ብርድም ጋዙን ያሳንሰዋል። በኮሶዬ ከባዮጋዝ በፊት ምድጃ ቢቀድም ይሻላል።

ባሕር ዛፍን በደፈናው ማውገዝም ፍትሐዊ አይደለም፤ ደጅ ላይ እንጨት ያለው ቤት ኩበቱን አያነድም። ከምንጭና ከእርሻ ማሳ ራቅ ብሎ ይተከል እንጂ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ለኮሶዬ ግን ዋናው ቆጠራ የሐምሌው ሳይሆን የጥሩ ነው። የኮሶ ችግኝ ከከብት ቢተርፍ እንኳ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ውርጭ ይቀድመዋል። በነዚህ ወራት ማታ ማታ በገለባ ወይም በሣር ከላይ ይሸፈን፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይገለጥ፤ ዙሪያውን በእሾህ ይታጠር። አንድ ቤት በዓመት አምስት ችግኝ ብቻ ተክሎ አምስቱንም ቢያሳድግ፣ አምሳ ተክሎ አርባ አምስቱን ከቀበረው ጎረቤቱ በምንም አያንስም።