ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ቋንቋ፦ የባምባሲ ማኦዎች አንደበት



ንግግሬን ከሩቅ አገር ጀምሬ ወደ ቅርባችን እመለሳለሁ። በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና ግዛት፣ ለብዙ ትውልድ ፈረንሳይኛ ሲነገርባቸው የኖሩ ትንንሽ የገጠር ከተሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ደነገገ። በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተናገሩ ሕፃናት ይቀጡ ነበር። እነዚያ ሕፃናት አድገው ወላጅ በሆኑ ጊዜ፣ ብዙዎቹ ልጆቻቸው ተመሳሳይ ኀፍረት እንዳይደርስባቸው ሲሉ በቤታቸውም እንግሊዝኛ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 ፈረንሳይኛን መልሶ የሚያስፋፋ ምክር ቤት ቢቋቋምም፣ የቋንቋው ቅብብል በብዙ ቤተሰብ ውስጥ አስቀድሞ ተቋርጦ ነበር።

ልብ እንበል፤ ፈረንሳይኛ መንግሥታት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ቤተ መጻሕፍት ያሉት ታላቅ ቋንቋ ነው። ይህ ሁሉ ግን የገጠሩን ቤተሰብ አንደበት አላዳነም። ከዚህ የምንማረው፣ የቋንቋ ዕድሜ የሚለካው በዓለም ላይ ባለው ዝና ሳይሆን እናት ለልጇ በምትናገረው ቃል መሆኑን ነው። ታላቁ ቋንቋ እንዲህ ከሆነ፣ ከኋላው ደጋፊ መንግሥት የሌለው ቋንቋ ምን ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ባምባሲ እንመለስ። ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማና አካባቢዋ የብዙ ቋንቋዎች መገናኛ ናቸው። በርታኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ዓረብኛ ይሰማሉ። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች ወደ አሶሳ አካባቢ የመጡ ሰፋሪዎች የአማርኛን ድርሻ አሰፉ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን የብሉ ናይል ግዛት ጦርነት ለሸሹ ሰዎች የባምባሲ የስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። በእነዚህ ሁሉ መካከል የሚነገረው፣ ተናጋሪዎቹም ጥቂት የሆኑት፣ የማኦ ቋንቋ ነው።

«ማኦ» የሚለው ስም ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። በዚህ ስም የሚጠሩ ሰዎች ሁሉ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። የባምባሲ ማኦ ከሆዞ፣ ከሴዜና ከጋንዛ ጋር የኦሞአዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ማኦ ተብለው ከሚጠሩት መካከል ግን ግዋማ የሚናገሩ አሉ፤ ይህ የኮሞ ቋንቋ ዘመድ ስለሆነ ከኦሞአዊው ወገን አይቆጠርም። ስለዚህ «ለማኦ ልጆች የማኦ መጽሐፍ እናዘጋጅ» የሚል ቅን አሳብ፣ «በየትኛው ማኦ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ጥያቄውን ሳይመልሱ መጀመር ሕፃኑን ሌላ ባዕድ ቋንቋ ማስተማር ይሆናል።

የባምባሲ ማኦን ሰዋስው በሰፊው ያጠናው ማይክል አህላንድ ሲሆን፣ የዶክትሬት ሥራውን ለኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቋንቋው የቃላትን ፍቺ በድምፅ ቃና ይለያል። በተውላጠ ስሞቹም ነጠላና ብዙ ብቻ ሳይሆን ሁለትነትም አለ። እኛ በአማርኛ «እኛ» ስንል ሁለት እንሁን ሃያ አይታወቅም፤ የባምባሲ ማኦ ተናጋሪ ግን ይህን ሳይለይ አያልፍም። እንዲህ ያለው የአስተሳሰብ መንገድ አንዴ ከጠፋ ከየትኛውም መዝገብ ቤት አይመለስም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ለሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል እውቅና ይሰጣል፤ በአንቀጽ 39 ደግሞ ሕዝቦች በቋንቋቸው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋቸውን የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። የክልሉ ሕገ መንግሥትም ማኦን ከበርታ፣ ከጉሙዝ፣ ከሽናሻና ከኮሞ ጋር የክልሉ ነባር ሕዝብ ብሎ ይጠራዋል። ሆኖም የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በትምህርት ቤት ደጃፍም ቀድመው ቦታ ያገኙት በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ ናቸው። በወረቀት ላይ እኩል የሆኑ ቋንቋዎች በጥቁር ሰሌዳ ፊት እኩል አይደሉም።

አንዳንዶች «ልጁ እንጀራ የሚያገኘው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ሌላ ሸክም ለምን እንጭንበታለን?» ይላሉ። ጥያቄው ከወላጅ ፍቅር የመነጨ ነውና በንቀት አላልፈውም። ነገር ግን ብዙ ቋንቋ መናገር ለማኦ አዲስ ነገር አይደለም። በቤት ማኦኛ፣ በገበያ ኦሮምኛ፣ በጽሕፈት ቤት አማርኛ የሚናገር ሰው በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። የሚያሰጋው አንድ ቋንቋ በሌላው ላይ መጨመሩ ሳይሆን አንዱ ሌላውን መተካቱ ነው። ሉዊዚያና ውስጥ የተጎዱት እንግሊዝኛ ስለተማሩ አልነበረም፤ እንግሊዝኛን ለመማር ፈረንሳይኛን መጣል እንዳለባቸው ስለተነገራቸው ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። ሽማግሌዎችንና እናቶችን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅረጹ። የዕፅዋትን፣ የማርና የንብን፣ የዝምድናን ስሞች መዝግቡ። የቀረጻችሁትንም ወደ ዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ብቻ አታምጡት፤ ለባለቤቶቹ መልሱላቸው። ከሁሉ በላይ ግን ማኦኛ የሚናገር ሕፃን በፊታችሁ ሲናገር አትሳቁበት። የቋንቋ ሞት በብዙ ቦታ የተጀመረው እንዲህ ባለው ሳቅ ነውና።