ከወንበር ወደ ተራራ



የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ውሎዬ ወንበር ላይ ነው። ሰኔ 30 ሲቃረብማ የምነሣው ለሻይ ብቻ ነው። ዓምና ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ!

ያኔ ራስ ዳሸንን ለመውጣት ወሰንኩ። «ምን ጎድሎሽ?» ያላለኝ የለም። ከፍታው 4,550 ሜትር ነው። የለገዳዲ ደጋ ሰው መሆናችን ትንሽ ያግዘናል እንጂ አይበቃም። በሃያ ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ጀመርኩ፤ ከወር በኋላ ዳገት፣ ቀጥሎ አምስት ኪሎ ጤፍ በጀርባዬ አዝዬ። ጉልበቴን ያመመኝ ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው፤ አሁን በትር ይዤ እርምጃዬን አሳጥሬ እወርዳለሁ።

ጎህ ሲቀድ ብቻዬን መውጣት ግን እፈራለሁ፤ ጅቡንም ሰውንም።

ጃፓናዊቷ ጁንኮ ታቤይ እ.ኤ.አ. በ1969 የሴቶች ተራራ ወጪዎች ክለብ አቋቋመች። በ1975 ከሴቶች ቡድን ጋር ሄዳ፣ በ35 ዓመቷ ኤቨረስት ጫፍ ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የልጅ እናት ነበረች። ገንዘብ ስላጠራቸው ከመኪና ወንበር ልብስ ጓንት ሰፍተዋል።

እኔ የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም (ደጋፊዎቻችን፣ አይዟችሁ)። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከማኅበሩ በር አብረውኝ የሚወጡ ሦስት ሴቶች እፈልጋለሁ። ነጠላ ጫማ አይሆንም።