ባልዲና ጉድጓድ
(ለአባያና ለጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆችና ለሐይቅ ዳር ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይባላል። እኔም ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የማነሣው ጉዳይ ሲናገሩት ያሳፍራል። ዝም ሲሉት ግን ልጅ ያሳምማል። ስለዚህ እንነጋገርበት።

ጀልባችን መጸዳጃ የለውም። መረብ ሲጣልም ሆነ ሲነሣ የሰውነት ጉዳይ ከመጣ ከጀልባው ጫፍ ወደ ውሃው ነው። ዳር ሲደረስ ደግሞ ቄጠማው ውስጥ ነው። ልማዱ የቆየ ነው።

ስለዚህ ነገር አንድ አባት ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ሐይቁ እኮ ሰፊ ነው። የአንድ ሰው ነገር ምን ያደርገዋል?» አሉኝ። ስለ ስፋቱስ እውነታቸውን ነው። አባያ ከጣና ቀጥሎ የአገራችን ሰፊ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ልጆች የሚዋኙት፣ እናቶች ውሃ የሚቀዱት፣ እኛም ጀልባ ስንገፋ እግራችንን የምንነክረው መሐሉ ላይ አይደለም፤ ዳሩ ላይ ነው። ችግሩም የሚብሰው እዚያው ዳሩ ላይ ነው።

እንዴት ቢሉ፣ ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለ። ትሉ የሚኖረው በታመመው ሰው ደም ሥር ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ከዚያም ዳር ዳሩን በቄጠማው መካከል በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተራብቶ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ውሃው ይወጣል። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል። በሽታው ሆድ ያማል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ሲቆይም ጉበት ይጎዳል።

የጫሞን አዞ ሁላችንም እናውቃለን። ስናየው እንሸሻለን። ይህ ትል ግን አይታይም። ውሃ ማፍላት ለመጠጥ ይጠቅማል፤ ሐይቅ ውስጥ ለገባ እግር ግን አይደርስለትም። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ሆኖም መድኃኒቱን ውጦ ወደዚያው ውሃ የተመለሰ ሰው እንደገና ይያዛል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. በየጀልባው ጥብቅ ክዳን ያለው ባልዲ ይኑር። ከሥሩ አመድ ይደረግበት። ከተጠቀሙ በኋላም አመድ ይነስነስበት። ለመከለያ ጆንያ ይበቃል። በዚህ ባልዲ ዓሣ ወይም የመጠጥ ውሃ ፈጽሞ አይያዝ።

2ኛ. በጀልባ ማረፊያው፣ ሐይቁ ሲሞላ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ሁለት ጉድጓድ ይቆፈር። ጥልቀቱ 3 ክንድ ያህል ይሁን። ባልዲው እዚያ ይገልበጥ። በጥቂት ውሃ ይታጠብና እጣቢውም እዚያው ይደፋ። በየጊዜው አመድ፣ አፈርና ደረቅ ቅጠል ይጨመርበት። አንዱ ሲሞላ በአፈር ይሸፈንና ወደ ሌላው እንዛወር። የተሸፈነው ቢያንስ 1 ዓመት ይረፍ።

3ኛ. ከዚያ በኋላ እጅ በሳሙና ወይም በአመድ ይታጠብ።

ተለዋጭ ጉድጓድ በአገራችን የተሞከረ ነው። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በተካፈለበት ሮዛ በተባለ ፕሮጀክት በአርባ ምንጭ ከተማ ተሠርቶ ታይቷል። ፕሮጀክቱ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኡጋንዳ ከተሞችም ነበር።

ከዓመት በኋላ ጉድጓዱ ሲከፈት የሚገኘው አፈር ነው። የጨንቻና የዶርዜ ገበሬ እበቱን አይጥልም፤ እንሰቱን ያበላበታል። እኛም ያረፈውን አፈር ለሙዝና ለማንጎ ሥር እናውለው። ጥሬውን ለሚበላ አትክልት ግን አናድርገው።

እኒያን አባት ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ባልዲውን እኔ እይዛለሁ። ጉድጓዱን ግን እናንተ ወጣቶች ቆፍሩ» አሉኝ። ፍርዳቸው ትክክል ነው። እናቶች አመድ ያዋጡ፤ ወጣቶች ዶማ ያንሡ። እኔም ዶማዬን ይዤ እመጣለሁ።

ጥያቄዎች
1. የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው የሚገባው በምን በኩል ነው?
2. መድኃኒት ብቻውን የማይበቃው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ማረፊያ ጉድጓዱ የት ቢቆፈር ይሻላል?