ልጆችን ወጥ መሥራትና እንጀራ መጋገር ስለ ማስተማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከመቅደሱ በስተ ምሥራቅ ባለችው በቤተ ልሔም ለቅዳሴ የሚቀርበውን ኅብስት የሚጋግረው ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ዲያቆን ነው። የስንዴውን ዱቄት በእጁ ያቦካል፤ እሳቱን ያነዳል፤ እስኪበስልም ይጠብቃል። ይህንም በማድረጉ ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይጐድልም። ያው ዲያቆን ግን ከቤቱ ገብቶ እናቱን ታማ ቢያገኛት፤ ሊጡ በቡሐቃው ሞልቶ ሳለ ጾሙን ያድራል።

ይህ ልማድ ነው እንጂ የመጻሕፍት ትእዛዝ አይደለም። ያዕቆብ የምስሩን ወጥ የሠራው በገዛ እጁ ነው፤ ዔሳውም አድኖ ለአባቱ የጣፈጠ መብል ያሰናዳ ነበር። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ዓሣና እንጀራ በፍም ላይ አዘጋጅቶ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቷል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ባስፋፉት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ሴት ስለማትገባ ማእዱን የሚያሰናዱት መነኮሳቱ ናቸው። ጎረቤት «ሴታ ሴት» ይለዋል ተብሎ ይፈራል፤ እንዲህ የሚል ሰው ቤተ ልሔምን አላየም።

በዛሬ ዘመን ደግሞ ነገሩ ከልማድ አልፎ ችግር ሆኗል። ከሐብሩና ከአካባቢው ብዙ እናቶችና እኅቶች ለቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገር ሄደዋል። አባት ከእርሻ ደክሞ እስኪመለስ ታናናሾቹ የታላቅ ወንድማቸውን እጅ ያያሉ። 13 ዓመት ሞልቶታል፤ ዳዊት ደግሟል፤ ሽሮ መበጥበጥ ግን አያውቅም። ታናሽ እኅት ካለችው ሥራው ሁሉ በእርስዋ ላይ ይወድቃል፤ ክንዷ ሳይጸና ከምጣድ ሥር ትውላለች፤ ትምህርቷም ይቀራል። የወንድሟ አለማወቅ ዋጋው የሚከፈለው በእርስዋ ነው።

ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት፤ የማሽላ ዘር የሚመረጥባት አገር ናት። የማሽላ እንጀራ ግን እንደ ጤፍ አይታገሥም፤ ቶሎ ደርቆ ይፈረፈራል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ጋግሮ የሚሰጥ ደግ ዘመድ ቢገኝም አይበቃም፤ ከቤቱ ውስጥ የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ማስተማሩ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ሥርዐት በተራ ይሁን፤ ፊደል ሳይቈጥር ዳዊት የሚደግም የለምና። መጀመሪያ ምስር መልቀምና ሽንኵርት መላጥ ነው። ቀጥሎ ሽሮ ነው፤ ዱቄቱ እንዳይጓጐል አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጠው። ከዚያ በኋላ እርሾ መጠበቅን፤ ከሊጡም ጥቂት ቀንሶ በፈላ ውኃ አብስሎ አብሲቱን መመለስን ይማር። ምጣድ በመጨረሻ ነው፤ ያውም ትልቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ፤ ነጠላውንም እሳት እንዳይስበው አስቀምጦ። ቅቤ የነካውን ማንኪያ ከረቡዕና ከዓርብ ወጥ መለየትንም በዚያው ያውቃል፤ ስለ ጾም ከሚነገረው ብዙ ቃል ይህ ሳይሻል አይቀርም።

የመጀመሪያዪቱ እንጀራ ዓይን ሳታወጣ ትቀራለች፤ ጠርዟም ይቀደዳል። ያን ቀን ማንም አይሳቅበት፤ አባት ራሱ ቈርሶ ከልጁ ጋር ይብላት።