«ኢንፍላመብል»፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ትርጉም፥ አጻጻፍና አነባበብ



አንድ መሐንዲስ ስለ ቋንቋ ለመናገር መነሣቱ ያስገርም ይሆናል። ሆኖም የማነሣው ቃል በመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን በየሥራ ቤታችን በርሜሎች ላይ ተጽፎ የሚገኝ ስለሆነ ሙያችንን በቅርብ ይነካል። ይኸውም «ኢንፍላመብል» የተባለው ቅጽል ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ በያጅ ወደ ቢሮዬ መጥቶ፥ «ኢንጂነር፥ በእንግሊዝኛ ከፊቱ ‹ኢን› ያለበት ቃል አሉታ አይደለም?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ከወረቀቴ ቀና ሳልል፥ «አዎን፥ አሉታ ነው» አልኩት። ስለ ሰዋስው የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የጠየቀኝ ከብየዳው ሥፍራ አጠገብ ስለቆመው የቲነር በርሜል ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የብየዳው ብልጭታ ከበርሜሉ ሥር የፈሰሰውን ቲነር አቀጣጠለው። እሳቱ በአሸዋ ቶሎ ቢጠፋም የሰውየው ክንድ ተቃጠለ።

በያጁ የተማረውን ደንብ በትክክል ነበር የሠራበት። «ኢንቪዚብል» የማይታይ፥ «ኢንኮምፕሊት» ያልተሟላ ከሆነ፥ «ኢንፍላመብል» የማይቀጣጠል ቢመስለው ምን ያስወቅሰዋል? ነገር ግን በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት ፊደል ያላቸው ሁለት ባዕድ መነሻዎች አሉ። አንደኛው አሉታ ነው። ሁለተኛው «ወደ ውስጥ» የሚል ስሜት ያለው ነው። የኛ ቃል የመጣው «በእሳት ማያያዝ» የሚል ትርጉም ካለው «ኢንፍላማሬ» ከተባለው የላቲን ግሥ ስለሆነ «ኢን» የተባለው መነሻ ሁለተኛው ነው። ሐኪሞች ብግነትን «ኢንፍላሜሽን» የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው። ፈረንሳዮች የማይቀጣጠለውን ለመግለጽ በቃሉ ፊት ሌላ «ኢን» ይደርቡበታል።

በዚህ የተሳሳተው የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊው የእሳት መከላከያ ማኅበር ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሻሚው ቀርቶ «ፍላመብል» እንዲጻፍ ሲወተውት ቆይቷል። የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋምም በ1959 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ አቋም ወስዷል። ስለዚህ «ፍላመብል» እና «ኢንፍላመብል» ተቃራኒዎች ሳይሆኑ አንድ ናቸው፤ ተቃራኒያቸው «ኖንፍላመብል» ነው።

በአጻጻፍ ቃሉ ሁለት «ኤም» አለው። ይህ ግን እንደ አማርኛ ጠብቆ ይነበብ ማለት አይደለም። የኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ ስለማያሳይ «ገና» የሚለውን በዓሉ ይሁን ወይም «እስካሁን» ለማለት በዐውዱ እንለያለን፤ የእንግሊዝኛውን «ኢን» ግን ዐውድ በሌለው በርሜል ላይ የሚያነብ ሰው በምን ይለየዋል? በአነባበብ ኃይሉ የሚያርፈው «ፍላ» ላይ ነው፤ መጨረሻውም «ኤብል» ሳይባል ላላ ብሎ «አብል» ወደማለት ያደላል። መነሻው «ኢን» ኃይል ስለሌለው በጩኸት መካከል ይዋጣል። በመዋጡ ጉዳት የለውም፤ ትርጉሙ አይለወጥምና። «ኖን» ከተዋጠ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ከዚህ የማወጣው ትምህርት እንግሊዝኛን ለመውቀስ አይደለም። እኔ የሰጠሁት መልስ በሰዋስው ትክክል ነበር፤ ጥፋቴ ተነሥቼ በርሜሉን አለማየቴ ነው። የምንመራው ሠራተኛ ስለ ቃል ሲጠይቀን ስለ ነገር እየጠየቀን እንደሆነ እንገንዘብ። ከባሕር ማዶ በመጣ በርሜል ላይ ያለው የነበልባል ሥዕል ሳይፋቅ እንዲቆይ፥ ከሥሩም በጉልህ ቀይ ቀለም «ተቀጣጣይ» የሚል የአማርኛ ቃል እንዲጻፍ እናድርግ። ዋጋው አንድ ብሩሽና ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በሌላ ሰው ክንድ ነው፤ እናንተ ግን በንግግር ብቻ እንድታውቁት እመኛለሁ።