ከሱቃችን ሬዲዮ የሚሰማው ዘፈን
(በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ወደ ሱቃችን ብቅ የምትሉ ሁሉ «ናይሮቢ ተቀምጣችሁ የአሜሪካ ገበሬ ዘፈን ምን አስከፈታችሁ?» እያላችሁ ስትቀልዱብን ኖራችኋል። የካንትሪን ሙዚቃ ያስለመዱን ኬንያውያን ደንበኞቻችን ናቸው። ጂም ሪቭስ በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ስንት ዘመን አለፈ! እዚህ አገር ግን ዛሬም እንደ ዘመድ ይወደዳል።

ይህ ሙዚቃ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ድኻ ገበሬና የቀን ሠራተኛ ሙዚቃ ነው። ቫዮሊኑን ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የፈለሱ ሰዎች ይዘውት ሄዱ። ባንጆ የሚባለው መሣሪያ ግን በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን የሠሩት ነው። «የነጭ ዘፈን» ለሚሉን ይህን እንነግራቸዋለን፤ አንዳንዶቹ አያምኑንም።

እ.ኤ.አ. በ1927 ራልፍ ፒር የተባለ ሰው በብሪስቶል ከተማ ሸክላ ሲቀርጽ የካርተር ቤተሰብንና ጂሚ ሮጀርስን አገኘ። ሮጀርስ የባቡር ሠራተኛ የነበረ፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ነው። በ1933 በመጨረሻው ቀረጻ ላይ በዘፈኖቹ መካከል አልጋ ላይ ጋደም እያለ ጨረሰና በሁለተኛው ቀን ሞተ። ዕድሜው 35 ነበር።

አሁን ልጆች ስሙን። የዚህ ሰው ሸክላ በግራሞፎን እዚሁ ኬንያ፣ ሻይ ከሚበቅልበት ከኬሪቾ አካባቢ፣ ኪፕሲጊሶች ዘንድ ደረሰ። ስሙን በራሳቸው አፍ «ቼሚሮቻ» አሉት። ልጃገረዶችም ግማሹ ሰው፣ ግማሹ አጋዘን ነው ብለው ዘፈኑለት። ሂዩ ትሬሲ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950 ድምፃቸውን ቀርጾ ወሰደ፤ በ2015 ቅጂው ወደ መንደራቸው ተመልሶ፣ ያኔ የዘፈኑ አዛውንቶች የወጣትነት ድምፃቸውን ሰሙ። 65 ዓመት ማለት ነው!

ይህን ስንሰማ እኛ ባልና ሚስት ተያየን። ምክንያቱን ዛሬ በፊታችሁ እንናገር። የማኅበራችን የመጀመሪያው የእንቁጣጣሽ በዓል ላይ እናቶቻችን «አበባየሆሽ» ሲሉ የተቀዳ ካሴት እኛ ዘንድ በአደራ ተቀምጦ ነበር። አንድ እሑድ ባዶ ካሴት አጥተን ከሬዲዮ የጂም ሪቭስን ዘፈን ቀዳንበት። በመጨረሻው ላይ ጥቂት ጭብጨባና የአንዲት እናት ሳቅ ብቻ ቀርቷል። ከነዚያ እናቶች ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ይቅርታ እንጠይቃለን።

በዚያን ቀን ሌላም ቴፕ የያዘ ሰው እንደ ነበረ እናስታውሳለን። ከድሮ ዕቃችሁ መካከል ፈልጉልን። ሱቃችን ውስጥ የሚሠራ የካሴት ማጫወቻ አለን፤ ቡናም እናፈላለን።